ዕድሜ የዘይት ቁጥር አይመርጥም

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባሉ ጋራዦችና የዘይት መሸጫ ሱቆች አንድ ምክር እንደ ሕግ ተይዟል፤ «መኪናዋ አርጅታለች፣ ወፍራም ዘይት ያስፈልጋታል።» መካሪው የሞተሩን ዓይነት አይጠይቅም። ግፊት አይለካም። ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ ጎንበስ ብሎ አያይም። የምርት ዘመኗን ይሰማና 20/50 ወይም «ቁጥር 40» ያዝዛል፤ ባለቤቱም ከፍሎ ይሄዳል። እኔ ይህ ምክር ከመነሻው የተሳሳተ ነው እላለሁ።

ስለ አንድ ጀሪካን ዘይት ይህን ያህል መከራከር ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ያለንበትን ጊዜ ያስብ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን ከብዙ ሰው አቅም በላይ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ዛሬ በእጃችን ያለችው ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ዶልፊን ሚኒባስ፣ ላንድክሩዘር ምትክ በቀላሉ የላትም። ኤሌክትሪክ መኪና ሸካና ቤንች ሸኮ ገጠር ድረስ ገብቶ ቡና እስኪጭን፣ በሽተኛም ሐኪም ቤት እስኪያደርስ ድረስ የሚያገለግለን አሁን ያለው አሮጌ ሞተር ነው። እሱን በግምት ማከም አንችልም።

የሌላውን ወገን ክርክር በሙሉ ክብደቱ ላስቀምጠው። ሞተር ሲያገለግል ይበላል። በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚናው መካከል፣ በፋሻውና በካሚቻው መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ቀጭን ዘይት በሰፋው ክፍተት ቶሎ ያመልጣል፤ ግፊት ይወርዳል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዘይት መብራት ብልጭ ይላል። ወፍራም ሲደረግ መብራቱ ይጠፋል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ሰማያዊው ጭስ ይሳሳል፣ ከሥር የሚንጠባጠበውም ይዘገያል። በዚያ ላይ አገሩ ሞቃት ነው፤ ቀጭን ዘይት በረዶ ለሚጥልባቸው አገሮች የተሠራ ነው። የድሮ የጃፓን መኪኖች መመሪያ ራሱ ለሞቃት አገር 20/50 ይፈቅዳል። አባቶቻችንም በቁጥር 40 ብዙ ዘመን ነድተዋል።

ይህን የሚሉት አላዋቂዎች አይደሉም፤ በእጃቸው ብዙ ሞተር ያለፈ ባለሙያዎች ናቸው። ያዩት ሁሉ እውነት ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ጭሱም ይሳሳል። የሳቱት፣ ያዩት ነገር ምን ማለት እንደሆነ ነው።

ከመጀመሪያው ቃል እንጀምር። «አሮጌ» ሲባል የትኛው ሞተር ነው? በሚዛን መንገድ ላይ ትናንት ከሱቅ የወጣች ባጃጅና 20 ዓመት የሞላት ቪትዝ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የአዲሷ ባጃጅ ፋብሪካ 20/50 እንዲሞላላት ያዝዛል። የአሮጊቷ ቪትዝ ፋብሪካ 5/30 ይላል። ወፍራም ዘይት የእርጅና መድኃኒት ቢሆን ኖሮ አዲሷ ባጃጅ ለምን ወፍራም ትጠጣለች? ባጃጇ በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ስላላት ነው። ቪትዟ ደግሞ ጠባብ ክፍተት ያለው፣ ብዙ ቀጫጭን የዘይት መንገድ የተቀደደለት፣ የቫልቮቹን ሰዓት በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ቪቪቲ-አይ የተገጠመለት ሞተር ስላላት ነው። የቁጥሩ ምንጭ የሞተሩ አሠራር ነው፤ ያም የተወሰነው ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ካርቡራተር ያላት የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ዲኤክስም አሮጌ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የተሠራችው ቪትዝም አሮጌ ትባላለች። የመጀመሪያዋ በ20/50 ጤነኛ ሆና ብትኖር አይገርመኝም፤ መመሪያዋ ስለሚፈቅድላት። ሁለተኛዋን በዚያው ዘይት መሙላት ግን የአንዱን ሕመምተኛ መድኃኒት ለሌላው መስጠት ነው። የአባቶቻችን ላንድክሩዘርና ፔጆ በቁጥር 40 ሠሩ ማለት በዘመናቸው መጽሐፍ መሠረት ሠሩ ማለት እንጂ የዛሬው ቪቪቲ-አይ በዚያ ይሥራ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። የዘይት ቁጥር የሚሰጠው ኤስኤኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ጄ300 ብሎ ባወጣው መለኪያ ነው። 20/50 ብለን ባጭሩ የምንጠራው በጀሪካኑ ላይ 20ደብሊው-50 ተብሎ ይጻፋል። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር በብርድ ይለካል፤ ኋለኛው ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ። በዚያ ሙቀት ውፍረቱ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ ከሆነ 30 ይባላል፤ ከ12.5 እስከ 16.3 ከሆነ 40፤ ከ16.3 እስከ 21.9 ከሆነ 50። በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ የምርት ዘመን የሚባል ዓምድ የለም።

ቀጭን ዘይትን የሚደግፉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሱትን አንድ ክርክር ግን እኔ አላነሳም። 20/50 በብርድ ሞተር አያስነሳም ይላሉ። የ20ደብሊው ዘይት ሞተር ማስነሳት መቻሉ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ማሻ እንኳ፣ ሌሊቷ ቢቀዘቅዝም፣ እንዲህ ያለ ብርድ አታውቅም። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቴፒማ ጭራሽ አታስበውም። በእኛ አገር የፊተኛው ቁጥር ማንንም መንገድ ላይ አያስቀርም። ጉዳቱ ያለው በኋለኛው ቁጥር ላይ፣ ከዚያም በላይ ቁጥሩን የመረጥንበት ምክንያት ላይ ነው።

የብርድ ቁጥር የሌለውን ቁጥር 40 እንመልከት። ከ15/40 ይወፍራል፣ የደከመ ሞተርን ይይዛል ተብሎ ይሸጣል። ሁለቱም ግን 100 ዲግሪ ላይ የሚገኙት በአንድ ክልል ውስጥ ነው፤ የሁለቱም 40 ማለት ያው 40 ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ተጭኖ፣ ዳገት እየወጣ እያለ ቁጥር 40 ከ15/40 የተሻለ ውፍረት አይሰጠውም። ልዩነቱ የሚታየው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። 40 ዲግሪ ላይ 15/40 አብዛኛውን ጊዜ 110 ሴንቲስቶክ አካባቢ ሲሆን ቁጥር 40 ግን ወደ 140 እና 150 ይጠጋል። ማለዳ ዘይቱ ወደ ቴስታታው ቶሎ መውጣት ባለበት ሰዓት የሚዘገየው እሱ ነው። በሙቀት ምንም ትርፍ ሳይሰጥ በቅዝቃዜ የሚያስከፍል ዘይት በምን ሒሳብ የአሮጌ ሞተር ወዳጅ ይሆናል?

«አገሩ ሞቃት ነው» የሚለው ደግሞ ትክክል የሚመስለው ሞተሩ ውስጥ ያለውን ሙቀት የአገሩ አየር የሚወስነው ሲመስለን ነው። የሞተርን ሙቀት የሚወስነው ቴርሞስታት ነው። ጤነኛ ሞተር ውስጥ ውሃው ቴፒም ሆነ ማሻ፣ አዲስ አበባም ሆነ ቶኪዮ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው አካባቢ ይያዛል፤ ዘይቱም በዚያ ዙሪያ ይሞቃል። የአካባቢው ሙቀት ለውጥ የሚያመጣው ራዲያተሩ ሲደፈን፣ ወይም ጭነትና ዳገት ሲደራረቡ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ መጥፎ ልማድ ያጋጥመናል። ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በከተማ አጫጭር ጉዞ ላይ በቅጡ አይሞቅም። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ 20/50 ሲጨመርበት ምን ይሆናል? 20/50 በ40 ዲግሪ 160 ሴንቲስቶክ ገደማ ውፍረት አለው፤ ወደ 18 የሚወርደው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ያልሞቀ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ቀኑን ሙሉ ከታሰበለት በላይ ወፍሮ ይውላል። ክረምት ሲሆን፣ የእኛ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው፣ በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት ተንኖ አይወጣም፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከሥሩ ወተት የመሰለ ቅባት ታገኛላችሁ። ሁለት የተሳሳቱ ምክሮች፣ አንዱ ቴርሞስታት ያስነቀለው፣ ሌላው ዘይት ያወፈረው፣ አንድ ሞተር ላይ ተባበሩ ማለት ነው።

«ቀጭን» የሚለው ቃል ራሱ የሚያስፈራውን ያህል እንዳያስፈራን አንድ ነገር ልጨምር። ቀጭን ተብሎ የሚናቀው 5/30፣ 40 ዲግሪ ላይ ውፍረቱ 60 ሴንቲስቶክ አካባቢ ነው። ይህም የጋለ 20/50 ካለው 18 ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የትኛውም ዘይት ከሚገባው በላይ ወፍራም ነው እንጂ ቀጭን አይደለም። ሲሞቅ ደግሞ ትክክለኛው ውፍረት ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ክፍተቱን የለካው ፋብሪካ ነው።

ወደ ዋናው ማስረጃቸው እንምጣ፤ ወደ ግፊቱ። ወፍራም ዘይት ሲገባ ግፊት ይጨምራል። አዎ፣ ይጨምራል። ግፊት ምንድን ነው? ፖምፓው የሚገፋው ዘይት ለመሄድ ሲቸገር የሚፈጥረው ተቃውሞ ነው። የውሃ ጎማን ጫፍ በጣት ብታጠብቡት ግፊቱ ይበረታል፤ ባልዲው ግን ቶሎ አይሞላም። ብሮንዚናን የሚያድነው በውስጡ የሚያልፈው ዘይት ነው፤ ፊልም ሆኖ ብረትን ከብረት ይለያል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲወፍር በፖምፓው አጠገብ ያለው የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ይከፈትና ከዘይቱ የተወሰነው ወደ ኮፓው ተመልሶ ይፈሳል፤ ወደ ሞተሩ ሳይደርስ። በፊልትሮው ውስጥ ያለው ማለፊያ ቫልቭም ሊከፈት ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ሳይጣራ ከነቆሻሻው ይዞራል። ጠቋሚው ከፍ ብሎ ሲታይ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ውስጥ ግን ሞተሩ ያነሰና የቆሸሸ ዘይት እያገኘ ሊሆን ይችላል።

ስንት ግፊት ይበቃል? ይህን የሚጠይቅ ጋራዥ ጥቂት ነው። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ሞቀው በዝግታ ሲዞሩ 0.3 ባር ከሰጡ የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ጤነኛ ይላቸዋል። በጣም ትንሽ ቁጥር ነው። ብልጭ የሚለው መብራት ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የተበላሸ የግፊት ቡልቦ፣ የጎደለ ዘይት፣ ወይም በኮፓው ውስጥ ያለው የፖምፓ መሳቢያ ወንፊት በቅባት አተላ መደፈኑን ነው። ወንፊቱ ተደፍኖ ወፍራም ዘይት መጨመር ጉሮሮው ለጠበበ ሰው ደረቅ እንጀራ ማጉረስ ነው። ቡልቦውን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ለመግጠም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሳይለኩ ማዘዝ ግን ሞተር ሊጨርስ ይችላል።

ስለ ጭስና ስለ ፍሳሽ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ጭስ ቀለም አለው። ጥቁር ከሆነ፣ በናፍጣ መኪና ላይ በተለይ፣ ነገሩ የኖዝል፣ የናፍጣ ፖምፓ ወይም የታፈነ የአየር ፊልትሮ ጉዳይ ነው፤ የሞተር ዘይት ውፍረት ከዚህ ጋር አይገናኝም። ጥቁር ጭስ ስላየ ብቻ ዘይት የሚያወፍር ሰው ግን አለ። ሳይቋረጥ የሚወጣ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ወይም ናፍጣው ሳይቃጠል መውጣቱን ይናገራል። ዘይት እየነደደ መሆኑን የሚያሳየው ሰማያዊው ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ጧት ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ሲል ደርቋል፤ ሞተሩ ሳይወርድ የሚቀየር ትንሽ ጎማ ነው። ዳገት ላይ ጫና ሲበዛበት የማይቋረጥ ከሆነ ፋሻው ደክሟል ወይም በአተላ ተጣብቋል። ለተጣበቀ ፋሻ ደግሞ ወፍራም፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ዘይት መጨመር አተላውን ማብዛት ነው፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ፣ አጣቢ ኬሚካሉ የበረታ ዘይት በአጭር በአጭሩ መቀየር ነው።

ፍሳሹስ? ፓራኦሊዮ በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ የትኛውም ዘይት አያለሰልሰውም። ወፍራሙ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ መፍሰሱን ግን አይተውም። ከዚያ በፊት ግን መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦና ቫልቩ በአተላ ሲደፈን በፋሻው በኩል የሚያመልጠው ጋዝ መውጫ ያጣል፤ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይታመቅና ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑና በየፓራኦሊዮው ገፍቶ ያወጣል። አዲስ ፓራኦሊዮ ተገጥሞለት እንደገና የሚያፈስ ሞተር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ መተንፈሻውን አጽዱ። ወጪው ጥቂት ቤንዚንና ጨርቅ ነው። ይህን ሳያደርግ «ወፍራም አድርጉላት» የሚል መካኒክ በሽታውን አላከመም፤ ምልክቱን ከባለቤቱ ዓይን ሰውሮ ጊዜ ሰጥቶታል። ባለቤቱ ተሽሎታል ብሎ ይነዳል። ሲል በመቀየር ያልቅ የነበረው ነገር ሲቆይ ሞተር ወደ ማደስ ይደርሳል።

በአንድ ነገር ላይ ግን እስማማለሁ። ሞተሩ በእርግጥ ተበልቶ፣ ሲሞቅ የተለካው ግፊት ከመጽሐፉ ወለል በታች ወርዶ፣ ለማደሻ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ መመሪያው በሚፈቅደው ክልል ውስጥ አንድ ደረጃ ማወፈር፣ ለምሳሌ ከ30 ወደ 40፣ ያስኬዳል። ይህ ልኬት ላይ የቆመ ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው። ከ5/30 ተነሥቶ 20/50 ላይ መዝለል፣ ያውም በዓመተ ምርት ብቻ፣ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። መበላት ደግሞ ሁሉንም የሞተር ክፍል እኩል አይነካም። ፋሻው ሲበላ፣ ዘይት ወደ ቪቪቲ-አይ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳና ወንፊት አይሰፋም፤ እንዲያውም በአተላ ይጠባል። ለተበላው ክፍል ብለን ያወፈርነው ዘይት ላልተበላው ክፍል ጭንቅ ይሆናል።

የጭነት መኪኖቹን ነገር ለይቼ ልናገር። በቡና ወቅት ኢሱዙ ጆንያ እስከ አፉ ተጭኖ ከሚዛን ወደ ቦንጋ ሲወጣ ዘይቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። እዚያ 15/40 ቦታው ነው፤ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነውና። ነገር ግን ሾፌሮቹ ከቁጥሩ አጠገብ ያሉትን ፊደሎች ያንብቡ። ኤፒአይ የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት የናፍጣ ሞተር ዘይትን በሲ፣ የቤንዚኑን በኤስ ይመድባል። ሲዲ የሚለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ፣ ዛሬ የተሻረ ነው። ሲኤች-4 እ.ኤ.አ. የ1998፣ ሲአይ-4 የ2002 ናቸው። ጥቀርሻን ተሸክሞ የመቆየት፣ አሲድን የማርከስ አቅማቸው አይወዳደርም። ቁጥሩ 50 የሆነ የሲዲ ዘይት በጣት ሲነካ ወፍራም ነው፤ ጥቀርሻው ሲበዛ ግን ወደ አተላነት የሚቀየረው ቀድሞ እሱ ነው። ለቤንዚን መኪናም ኤስኤል የሚለው እ.ኤ.አ. የ2001 ደረጃና ከዚያ በኋላ የመጣው ኤስኤን፣ ኤስኤፍ ከሚለው የ1980ዎቹ ደረጃ ይመረጣሉ። ሰው ዘይትን በጣቱ አሻሽቶ «ይህ ጠንካራ ነው» ሲል ስሰማ ልቤ ያዝናል፤ ጥንካሬው በጣት የሚዳሰስ ነገር አይደለም።

የአካባቢያችን ሞተር እውነተኛ ጠላት ደግሞ አቧራ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡና ቀበሌ የሚገባ መኪና በበጋ የሚስበው አቧራ በአየር ፊልትሮ በኩል ካለፈ ካሚቻውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ይህን የሚያስቆም የዘይት ውፍረት የለም። የአየር ፊልትሮውን ማጽዳትና በጊዜው መቀየር፣ የዘይት ፊልትሮውን ከዘይቱ ጋር ሁልጊዜ መለወጥ፣ አቧራና ጭቃ ባለበት መንገድ የቅየራውን ኪሎ ሜትር ማሳጠር ይሻላል። በወፍራም ዘይት እተማመናለሁ ብሎ ቅየራውን የሚያራዝም ባለቤት መኪናውን የሚገድለው በሁለት እጁ ነው።

«መጽሐፉ የለም» ይሉኛል፤ ወይም በጃፓንኛ ነው። ቁጥሮቹ ግን በየትኛውም ቋንቋ መጽሐፍ ላይ ያው ናቸው፤ 5ደብሊው-30 ከጃፓንኛው መካከል ይነበባል። በብዙ መኪኖች ላይ በዘይት መሙያው ክዳን ላይም ተቀርጾ ይገኛል። ያም ከሌለ በሞተሩ ክፍል ውስጥ በተለጠፈው ብረት ላይ የሞተሩ ኮድ አለ፤ ኮዱን ይዞ ትክክለኛውን ቁጥር ማፈላለግ በስልክም ይቻላል። የምርት ዘመንን ከመጠየቅ የሞተር ኮድን መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ልዩነት ብቻ አለው።

ስለዚህ መካኒክ ወንድሞቼ፣ ግፊቱን ሳትለኩ፣ የጭሱን ቀለም ሳታዩ፣ መተንፈሻውን ሳትፈትሹ 20/50 አትዘዙ። ባለቤቶች ደግሞ «ለምን?» በሉ፤ መልሱ «አርጅታለች» ብቻ ከሆነ ጀሪካኑን መልሱ። 5/30 የሚል መኪና ውስጥ 20/50 ያስሞላችሁ ሁሉ በሚቀጥለው ቅየራ ሞተሩ እንደሞቀ አፍስሱት፣ ፊልትሮውን ለውጡ፣ ፋብሪካው ያለውን ቁጥር በደህና ደረጃ ሙሉ። ከዚያ በኋላ የዘይት መብራቱ ቢበራ ሞተሩን ወዲያው አጥፉና ግፊት ወደሚለካ ሰው አስጎትቱት። ቢያጨስ ወይም ቢያፈስም አትደንግጡ፤ ችግሩ ያን ቀን አልጀመረም፣ እስከ ዛሬ ተሸፍኖ ቆይቶ ነው። ሲሉን፣ መተንፈሻውን ወይም ፋሻውን አሠሩት።